በአባቴ ስም የመታው ልብ

ከሥራ ክፍሌ መስኮት ዘጌ ይታያል። ጠዋት ጠዋት፣ ሐይቁን ገና ነፋስ ሳይነካው፣ ደኑ ከውሃው ማዶ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ተዘርግቶ አየዋለሁ። አባቴ እዚያ ደን ውስጥ ናቸው፤ እኔ እዚህ ባሕር ዳር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። በመካከላችን ያለው ጣና ብቻ ነው። ግን ሥራ የሚሉት ነገር አለ። ሥራ ማለት ሰው በዓይኑ እያየው ለማይሄድበት ቦታ የሚሰጠው ምክንያት ነው።

አባቴ መሪጌታ ይባቤ የአቋቋም መምህር ናቸው። ዜማው ከመቋሚያና ከጸናጽል፣ ከእግርና ከትከሻ ጋር እንዴት እንደሚሄድ ለደቀ መዛሙርት ያስተምራሉ። ማኅሌት ብለው ስም ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ግን ስሜን ትቼ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማርኩ። እናቴ ካረፈች በኋላ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ሁለታችን ብቻ ስል አባ ገብረ ኪዳንን ሳልቆጥር ነው፤ እሳቸውን አለመቁጠር ደግሞ አይቻልም።

አባ ገብረ ኪዳን የገዳሙ መነኩሴና ካህን ናቸው። ከአባቴ ጋር በልጅነታቸው አብረው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ከአንድ አኩፋዳ በልተዋል፤ አንድ ውሻ ሁለቱንም ነክሷቸዋል። ይህን የውሻ ነገር ሲያወሩ እስከ ዛሬ ድረስ ማን ቀድሞ እንደተነከሰ ይከራከራሉ። እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ አባ ገብረ ኪዳን ናቸው። «ሀ» ስል ከንፈሬ ሳይሆን ቅንድቤ ይነሳ ነበር አሉ፤ ዛሬም ባገኙኝ ቁጥር ቅንድባቸውን እያነሱ ያሾፉብኛል።

አሁን ስለ ሥራዬ ትንሽ ልንገራችሁ፤ አደራ፣ ዘላችሁ እንዳታልፉ። የሰው ገላ ይለጠጣል፤ ብረት አይለጠጥም። የእኛ ጣጣ ሁሉ ይኼው ነው። ትንፋሽ ስትስቡ ደረታችሁ ይሰፋል፣ እጃችሁን ስታነሱ ቆዳችሁ ይሳባል። በቆዳ ላይ ተለጥፎ ልብን የሚያዳምጥ መሣሪያ ብትሠሩ ሽቦው ያን ሁሉ መሳብ ችሎ መኖር አለበት። ስለዚህ ከፀጉር የቀጠነ የብረት መስመር እንደ ዳገት መንገድ እያጠማዘዝን፣ በለስላሳ ሲሊኮን ውስጥ እንቀብረዋለን። ሲሳብ ጥምዙ ይፈታል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ከፕላስተር ብዙም አይለይም። ደረት ላይ ሲለጠፍ ሁለት ነገር ያያል፦ የልብን ምትና፣ በደረቱ መለጠጥ የተነሳ፣ ትንፋሽን። ያየውን በአጠገቡ ወዳለ ስልክ ይልካል፤ ስልኩ ደግሞ ወደ እኛ።

ለመናገር ቀላል ነው። ስንቱ ተበጥሶብናል! የሥራ ባልደረባዬ ሱራፌል መስመሩ በጠፋ ቁጥር «ተበጠሰች!» ብሎ መጮህ ልማዱ ነው። አባቱ ለፋብሪካ ሥራ ከአዳማ መጥተው ባሕር ዳር የቀሩ ናቸው፤ እሱ ግን አነጋገሩ ከፒያሳ ትናንት የመጣ ይመስላል። በሳቅ እንጂ በቁጣ ሠርተን አናውቅም፤ ባይሆን ኖሮ እስካሁን ትተነው ነበር።

ተማሪዎች ላይ ሞከርነው፤ ተቀምጠው። ሠራ። አሁን የሚያስፈልገን አካሉን የሚያንቀሳቅስ፣ ቆዳው የሳሳ አዛውንት ነበር። ከእኔ አባት የተሻለ ማን አለ? ቀኑን ሙሉ እየተወዛወዙ ነው የሚያስተምሩት። ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ ለጥናቱ ብቻ አልነበረም። ብቻቸውን ናቸው፤ ልባቸውን ከሩቅም ቢሆን ማየት ፈልጌ ነበር።

እሑድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ይዤላቸው ሄድኩ። ልጥፉን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃን አነሱት።

«ይኼ ምንድን ነው የሚሠራ?»

«ልብዎን ያያል አባባ።»

«ልብን የሚያይ እግዚአብሔር ነው።»

«ሐሳቡን አይደለም፤ ምቱን ነው።»

«ክፉ ነገር ቢያይስ?»

«ወዲያው ለእኔ ይነግረኛል። በስልኬ ይጮኻል።»

«አንቺስ ምን ታደርጊያለሽ?»

«በርሬ እመጣለሁ። ሐኪም ቤት እወስድዎታለሁ፤ እምቢ ቢሉም ተሸክሜ።»

ይህን ስላቸው ልጥፉን እያገላበጡ አሰቡ። እኔ ተደሰቱ ብዬ ነው የተረጎምኩት። ልለጥፍላቸው ስጠጋ ግን ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ተይ፣ እኔው አደርገዋለሁ። በልጄ ፊት ደረቴን አልገልጥም።»

የት እንደሚለጠፍ በራሳቸው ነጠላ ላይ በጣቴ አሳየኋቸው፤ መልእክቱን የሚያስተላልፈውን ትንሽ ስልክም ሰጠኋቸው፤ «ከልጥፉ እንዳይርቅ» አልኳቸው። በማግሥቱ ጠዋት ሥራ ስገባ ሁለቱ መስመሮች ኮምፒውተሬ ላይ ይሄዱ ነበር፤ ልብና ትንፋሽ። ከላይ «አባባ» ብዬ ጻፍኩበት። ሱራፌል አይቶ «ጥናት ላይ የሰው ስም አይጻፍም» አለ። «ስም አይደለም፤ ማዕረግ ነው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ያን መስመር ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልነግራችሁም። ምሳ ስበላ አየዋለሁ። ታክሲ ውስጥ አየዋለሁ። ልቡ ፈጠን ሲል «አሁን ዳገቱን እየወጡ ነው» እላለሁ፤ ሲረጋ «ጸሎት ላይ ናቸው» እላለሁ። እናንተ በሩቅ ያለን አባት ልብ እያዩ ቡና ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጠጥቻለሁ፤ ደስ ይላል።

ነገሩ የሆነው አንድ ጠዋት ነው። ስልኬ ጮኸ። ከመክፈቴ በፊት ሱራፌል ከወዲያ «ተበጠሰች!» አለ።

ኮምፒውተሩን አየሁ። የልቡ መስመር ቀጥ ብሎ ቆይቶ፣ ከዚያ እንደገና ተነስቷል።

«ሽቦው ሲሳብ ተሰንጥቆ ነው» አለ ሱራፌል። «ፋዘርሽ ወረብ ላይ ናቸው መሰለኝ።»

እኔም ያው መሰለኝ። ከዚያ ግን ሁለተኛውን መስመር አየሁ። ትንፋሹ አልቆመም። ልቡ ቀጥ ባለበት ቦታ ሁሉ ደረቱ ይሰፋል፣ ይጠባል፤ ይሰፋል፣ ይጠባል።

«ሱራ» አልኩት፣ «ሽቦው ቢበጠስ ኖሮ ሁለቱም ይጠፉ ነበር።»

ሱራፌል መጥቶ ጎንበስ አለ። የሚያሾፍ ፊቱ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት። «ሂጂ» አለኝ፤ «ሂጂ፣ እኔ ከዚህ አያለሁ።»

ወደ ትንሹ ስልክ ደወልኩ፤ አይነሳም። የአባቴ የራሳቸው ስልክ ሁልጊዜ ከቤት ተጥሎ ነው የሚውለው። ወደ ጀልባዎቹ ሮጥኩ። ካሳሁን የሚባል ጀልባ ነጂ አለ፤ ከተማሪነቴ ጀምሮ የሚያመላልሰኝ ነው። ገና ሳልናገር ፊቴን አይቶ ገመዱን ፈታ።

«ማን ነው?» አለኝ ሞተሩን እየሳበ።

«አባቴ።»

ሌላ አልጠየቀኝም። ሐይቁ መሐል ስልኬ እንደገና ጮኸ፤ ልቡ ቆመ፤ እኔም መተንፈስ አቆምኩ፤ ልቡ ተመለሰ። ያን ጊዜ የተሳልኩትን ስለት ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ማርያምን፣ ምሕንድስናውንም ጭምር እተዋለሁ ብያለሁ።

ዘጌ ስንደርስ ከጀልባው ዘልዬ በቡናው መሐል ያለውን ቀጭን መንገድ በሩጫ ወጣሁ። ወድቀው አገኛቸዋለሁ ብዬ ነበር የማስበው። ከሩቅ ድምፃቸው መጣ፤ ይዘምራሉ! ዛፉ ሥር ደቀ መዛሙርቱን አሰልፈው፣ መቋሚያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ግራና ቀኝ እያሉ ነው። ያ መወዛወዝ ዕድሜዬን ሙሉ ደስ ሲለኝ የኖረ ነው፤ ያን ቀን ግን ገደል አፋፍ ላይ የሚራመድ ሰው ያየሁ ያህል ጮህኩ።

«አባባ ይቀመጡ! ቁጭ ይበሉ!»

አቅፌያቸው አለቀስኩ። ተማሪዎቹ ደንግጠው ተበተኑ።

«ምነው ልጄ? ማን ሞተ?»

«ልብዎ እየቆመ ነው! አይቼዋለሁ፤ ዛሬ ብቻ ስንት ጊዜ ቆሟል!»

አባቴ ፊታቸው ተለወጠ። እኔን አላዩም፤ ወደ ገዳሙ አቅጣጫ ነው ያዩት።

«የኔ ልብ?» አሉ።

«የእርስዎ! የማን ሊሆን ነው? ልጥፉስ የት አለ?»

«በቦታው አለ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ መቋሚያቸውን ጨበጡ። «እሽ፣ እንሂድ። ግን አባ ገብረ ኪዳንን ይዘን እንሂድ። እሳቸውም ቢታዩ መልካም ነው። አሁን ጸሎት ላይ ናቸው፤ እስኪወጡ ትንሽ እንጠብቅ።»

«አባባ፣ ጊዜ የለንም!»

«ትንሽ ነው የምልሽ።»

«ለጉብኝት አይደለም እኮ የምንሄደው!»

እጃቸውን ይዤ ጎተትኳቸው። ጀልባው ላይ ሆነን ዘጌ እስኪርቅ ድረስ ዞረው ዞረው ያዩ ነበር። ፈርተው ነው ብዬ ነጠላዬን ደረብኩላቸው፤ ጭንቅላቴን ትከሻቸው ላይ አድርጌ «አይዞዎት» አልኳቸው። እሳቸው ግንባሬን ሳሙና «የሚያስጨንቀኝስ ሌላ ነው» አሉ። እኔ ሞትን የሚያስቡ ነበር የመሰለኝ።

ሐኪም ቤት ዶክተሯ ወዲያው ተቀበለችን፤ ወጣት፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ ሴት ናት። አባቴ «ልጄ ፊቷን ታዙር» ብለው ነበር ሸሚዛቸውን ያወለቁት፤ ግድግዳ እያየሁ ቆምኩ። ማሽኑ ወረቀቱን ሲተፋ ይሰማኛል። ከዚያ የዶክተሯ ሳቅ ተሰማ።

«መሪጌታ፣ ማኅሌት መቆም እንዲህ ያደርጋል እንዴ? ይኼ የጎረምሳ ልብ ነው!»

ከወረቀቱ ሌላ ብዙ አዳመጠች፣ ደም ግፊታቸውን ለካች፣ አስነስታ አስተኛች። ምንም የለም። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የእናንተ መሣሪያ ላይ ችግር ይኖር ይሆን? አይዞሽ፣ ያጋጥማል» አለችኝ።

እፎይታና እፍረት አብረው ሲመጡ ታውቁታላችሁ? አባቴ ደህና ናቸው፣ ተመስገን። ግን ያ ሁሉ ሥራ፣ ያ ሁሉ ዓመት! ትንፋሹ ሳይጠፋ ልቡን ብቻ የሚያጠፋ እንዴት ያለ ብልሽት ነው? ለሱራፌል ልደውል ስልኬን አወጣሁ። እጄ ላይ እንዳለ ጮኸ።

ልብ ቆመ። አሁን። በዚህች ደቂቃ።

ቀና አልኩ። የሐኪም ቤቱ ማሽን ከአባቴ ደረት ገና አልተፈታም፤ ጥርት ባለ ድምፅ ይመታል። በእጄ ያለው መስመር ቀጥ ብሏል። ዶክተሯ ሁለቱን አየችና ፈገግታዋ ጠፋ።

«ይኼ የማን ልብ ነው?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ዞርኩ፤ አባቴ እንዳልዞር የከለከሉኝንም ረሳሁት። ደረታቸው ላይ ልጥፍ የለም። አልነበረምም።

«አባባ?»

አባቴ ያለቅሳሉ። ድምፅ ሳያወጡ፣ እንባቸው ጢማቸው ውስጥ እየገባ ነው።

«ገዝተውኛል ልጄ» አሉ። «መናገር አልችልም። ግዝት ነው።»

አባቴን ለማታውቁ ላስረዳችሁ። ካህን የሆነ ሰው «ይህን ለሰው ብትናገር ገዝቼሃለሁ» ካላቸው፣ ሰይፍ ቢመዘዝም አይናገሩም። ግን መቼም የመሪጌታ ብልሃት አያልቅም፤ በአፋቸው ላለመናገር ልጥፉ እንዲናገርላቸው አስበው ነበር። የገዘቷቸው ሰው ራሳቸውን ሲስቱ አይተዋል፤ ለሰው እንዳይነግሩ ታስረዋል፤ እኔ ደግሞ «ክፉ ነገር ካየ በርሬ እመጣለሁ» ብዬ የሐኪም ቤት መንገድ ይዤላቸው መጣሁ። ሁሉንም በኋላ ነው የተረዳሁት።

«ታዲያ ስመጣ ለምን ወደ እሳቸው አልወሰዱኝም?» አልኩ።

«ልብን ያያል አልሽኝ!» አሉ እንባቸውን በእጃቸው እየጠረጉ። «ልብ የሚያይ ነገር የማንን ልብ እንደሚያይ አያውቅም ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ስትመጪ ስሙን ይዘሽ የምትመጪ መስሎኝ! እኔን ስትይዢኝ ግራ ገባኝ። ሐኪም ካየኝ በኋላ ይገባሻል ብዬ ተከተልሁሽ።»

ከዚህ በላይ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጸሎት ላይ ያሉ ሰው፣ «ይዘናቸው እንሂድ» የተባሉ፣ እኔ ጊዜ የለንም ያልኩባቸው ሰው አንድ ብቻ ናቸው። ወደ ትንሹ ስልክ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ።

«አቤት» አለ አንድ የማውቀው ድምፅ። «የመሪጌታ ስልክ ነው። እሳቸው የሉም፤ ታመው ወደ ባሕር ዳር ወስደዋቸዋል።»

«አባ ገብረ ኪዳን! ማኅሌት ነኝ።»

«ልጄ! አባትሽ እንዴት ሆነ? ደግሞ ይኼን ስልክ ያዝልኝ ብሎ ሰጥቶኝ፣ እኔ ተቀምጬ እሱ ታመመ። ለደረት ብርድ የሚሆን ፕላስተርም ሰጥቶኛል፤ ለራሱ ማድረግ ነበረበት።»

ከድምፃቸው በስተኋላ ውሃ ይሰማኛል። ቸፍ፣ ቸፍ።

«አባ፣ የት ነዎት?»

«መምጣቴ ነው። ልጠይቀው።»

«በምን?»

«ጀልባው አመለጠኝ። በታንኳ ነኝ።»

ልባቸው የሚቆመው ሰው፣ ብቻቸውን፣ ከደንገል ቄጠማ በታሰረ ታንኳ ላይ፣ ሐይቁ መሐል ሆነው፣ ጤነኛ ሰው ሊጠይቁ እየቀዘፉ ነው። ዶክተሯ ከእጄ ላይ ሁሉንም ሰምታለች። «መቅዘፉን ያቁሙ በያቸው፤ በጎናቸው ይጋደሙ» አለች። «እኔ እዚህ ተዘጋጅቼ እጠብቃችኋለሁ።»

አባቴ ሸሚዛቸውን ተገላቢጦሽ ለብሰው ከእኔ ቀድመው በር ላይ ናቸው።

ካሳሁን ሞተሩን እስከ መጨረሻው ለቀቀው። ከሰዓት በኋላ ሆኖ ነፋሱ ተነስቷል፤ ማዕበሉ ጀልባውን እየመታ ይረጨናል። እኔ ግራፉን በስልኬ እያየሁ ነው፤ አባቴ በካሳሁን ስልክ ከአባ ጋር ይነጋገራሉ።

«የት አካባቢ ነዎት?» አሉ አባቴ።

መልሱ ይሰማኛል። «ክብራን ደሴት በስተግራዬ ይታየኛል። አንተማ እንዴት ተነሳህ? ተኛ እንጂ!»

«መቅዘፉን ይተውና ይጋደሙ።»

«ከተጋደምሁማ ነፋሱ የት አባቱ ሊወስደኝ ነው?»

ያን ጊዜ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን ሰማሁ። አባቴ ሰው ፊት አባን «እርስዎ» እንጂ ሌላ ብለዋቸው አያውቁም። አባቴ ጮሁ።

«አንተ ገብረ ኪዳን! የታመምኸው አንተ ነህ! እኔ ምንም አልሆንሁም፤ አንተ ባሰርኸኝ ግዝት ነው የታመምሁት! ፍታኝ! አሁን ፍታኝ!»

በስልኩ በኩል ቀዘፋው ቆመ። ውሃው ብቻ ይሰማል።

«ተናገርህ እንዴ?» አሉ አባ።

«አልተናገርሁም! ልጄ ናት ያወቀችው። ግን እዚህ ጀልባ ላይ ሆኜ እንኳ ለሐኪም የምለውን ቃል አጥቻለሁ። መቼ እንደምትወድቅ፣ ስንት ጊዜ እንደወደቅህ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ፍታኝ ወንድሜ!»

ከዚያ በጣም ቀጭን በሆነ ድምፅ፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ አባ ገብረ ኪዳን። «አሳዘንሁህ። መታመም ለመነኩሴ ጸጋ ነው ብዬ ...»

ቃሉ ሳያልቅ ተቋረጠ። ግራፉን አየሁ፤ ቀጥ ብሏል።

«አባ?» አሉ አባቴ። «አባ ገብረ ኪዳን? ገብሬ?»

ደረታቸው ይሰፋል፣ ይጠባል። ልባቸው የለም። እንዲህ የረዘመ ከዚያ በፊት አላየሁም። ካሳሁን ዞሮ አየኝ፤ ምንም አልነገርኩትም። አባቴ ስልኩን ጆሮአቸው ላይ እንዳደረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ያንን ጠዋት ዛፉ ሥር ሲያስተምሩት የነበረውን ዜማ ቀስ ብለው ጀመሩ። ለማን እንደሚያዜሙ አላውቅም፤ ለእግዚአብሔር ይሁን ለጓደኛቸው። መስመሩ አንድ ጊዜ ተነሳ። ቆየ። እንደገና ተነሳ። ከዚያ ተከታተለ።

«መጣ!» ብዬ ጮህኩ። «አባባ፣ መጣ!»

ከስልኩ ውስጥ ግን ድምፅ የለም።

ታንኳውን ቀድሞ ያየው ካሳሁን ነው። ነፋሱ ቀስ እያለ ያሽከረክራታል። መቅዘፊያው ለብቻው ይንሳፈፋል፣ ዙሪያውን ደግሞ ቢጫ ነገር። ሎሚ ነበር። አባ ገብረ ኪዳን ለታማሚ ጥየቃ የያዙት የዘጌ ሎሚ ሁሉ ውሃው ላይ ተበትኗል። እሳቸው ታንኳዋ ላይ በጎናቸው ወድቀው፣ ግማሽ ልብሳቸው ርሷል። ደንገል ውሃ ይጠጣል እንጂ በቶሎ አይሰጥምም፤ ያ ነው ያተረፋቸው።

አባቴ ከጀልባው ጠርዝ በሆዳቸው ተኝተው ብብታቸው ሥር ያዟቸው፤ እኔና ካሳሁን እግራቸውን። ጀልባው ወለል ላይ ስናስተኛቸው ዓይናቸውን ገለጡ። አባቴን አዩአቸው።

«ታመሃል አሉኝ» አሉ።

«የታመምኸው አንተ ነህ አልሁህ እኮ!»

«ለጠያቂ እንዲህ ነው የሚመለስለት?»

አባቴ ሳቁ። እየሳቁ ያለቅሱ ነበር። የጓደኛቸውን ጭንቅላት ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እርጥብ ጢማቸውን በነጠላቸው ይጠርጉላቸዋል። አባ እኔን ሲያዩኝ፣ ያ ሁሉ ሆኖባቸው፣ ቅንድባቸውን አነሱልኝ። ባሕር ዳር እስክንደርስ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ዶክተሯ በር ላይ ቆማ ነበር። ማሽኑን አሰረችላቸው። የሚወጣውን ወረቀት ከእኔ ስልክ አጠገብ ያዘችው፤ መስመሩ አንድ ነው፤ ቆም ማለቱ እንኳ ሳይቀር። አባቴም ከግዝታቸው የተፈቱ ናቸውና መቼ እንደጀመራቸው፣ የት የት እንደወደቁ፣ ምን ያህል እንደቆዩ ተርከው ተርከው ዶክተሯን አደከሟት። «ጡንቻው ደህና ነው» አለችኝ በኋላ፤ «ምቱን የሚያዘው መስመር ነው የደከመው።» እኛ ስንት ጊዜ «ተበጠሰች» ስንል የኖርነው! የእኛ መስመር በዚያ ሁሉ ቀዘፋ፣ ላብና የሐይቅ ውሃ ሳይበጠስ፣ የሳቸው ነበር የሚበጠሰው። ሱራፌል ሐኪም ቤት ሮጦ መጥቶ ልጥፉን አባ ደረት ላይ ሲያየው በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገው። ዞር ብሎ ዓይኑን ሲጠርግ አይቼዋለሁ፤ እሱ ነፋሱ ነው ይላል።

አባ ገብረ ኪዳን አዲስ አበባ ተልከው፣ ከአንገታቸው በታች፣ ከቆዳቸው ሥር፣ ልብ ሲረሳ የሚያስታውስ ትንሽ መሣሪያ ተደረገላቸው። አባቴ አብረዋቸው ሄደው አብረዋቸው ተመለሱ። አባ አሁን ማኅሌት ይቆማሉ። አባቴ ደግሞ ለአላፊ አግዳሚው «ተገላቢጦሽ ሸሚዝ ለብሼ ያዳንሁት» እያሉ ያወሩባቸዋል።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ከዚያ ቀን በፊት እኔ መሣሪያ ሠሪ ነበርኩ፤ መስመሩ ከደረሰኝ ሥራዬ አለቀ እል ነበር። «አባባ» ብዬ ስለጻፍኩበት አባባ የሆነ መሰለኝ። እኛ ዘንድ ግን ለአንድ ሰው የተሰጠ መድኃኒት ለአንድ ሰው ብቻ አይቀርም። አንዱ የራስ ምታቱን ክኒን ለጎረቤት ያካፍላል፤ አንዷ የዓይን ጠብታዋን ለእህቷ። አባቴ ደግሞ ደረታቸው ላይ ሊለጠፍ የመጣውን ዓይን ለሚወዱት ሰው ሰጡ። ይህን ስህተት ብዬ ልጠራው አልችልም፤ ያ ስህተት ባይኖር ዛሬ ቅንድቡን የሚያነሳልኝ ሰው የለኝም። ስለዚህ አሁን ልጥፍ የምንሰጠው ሰው ዘንድ ስንሄድ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ቤትዎ ውስጥ የሚያሳስብዎ ሰው ማን ነው?» ብለን ነው። ትርፍ ይዘን እንሄዳለን። እናንተም ከሩቅ ሆናችሁ ስለ ወላጆቻችሁ ደህንነት በስልክ ስትጠይቁ፣ «እኔ ደህና ነኝ፣ ግን እገሌም ቢታይ ጥሩ ነው» ካሏችሁ፣ እባካችሁ እንደ እኔ አትቸኩሉ። እገሌ ማን እንደሆነ ጠይቁ።

ልጽፈው ስነሳ አባ ገብረ ኪዳንን አስፈቀድኩ። «ሕመምዎን ለሰው ልናገር ነው፤ ይገዝቱኝ ይሆን?» አልኳቸው።

«ገዝቼ ምን አተረፍሁ?» አሉ። «ጻፊው። ማን ቀድሞ በውሻ እንደተነከሰ ግን በትክክል ጻፊ፤ አባትሽ ነው።»

ለአባቴ ሌላ ልጥፍ ወስጄላቸው ነበር። በእኔ ፊት ደረታቸውን አሁንም አይገልጡም፤ አባ ገብረ ኪዳን ናቸው ወደ ጓዳ ይዘዋቸው ገብተው የለጠፉላቸው። ሲወጡ አባ እጃቸውን ዘርግተው፣ «እኔው ለጥፌዋለሁ፤ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሱ ላይ ነው ያለው» ብለው መሰከሩ።

ዛሬ ጠዋት ከመስኮቴ ዘጌን እያየሁ መስመሩን ከፈትኩ። ልቡ ይመታል፣ ደረቱ ይሰፋል፣ ይጠባል። ምንም ክፉ ነገር የለም። ግን ደወልኩ።

«አባባ፣ ይኼ የማን ልብ ነው?»

ከወዲያ ሳቃቸው መጣ፤ ከሳቃቸው ጋር መስመሩ ኮምፒውተሬ ላይ ከፍ ዝቅ አለ።

«ዛሬስ የኔው ነው ልጄ» አሉ።